ነጻ የተባለው ሲዲኤል የሚከፈለው በአንድ ዓመት ጉልበት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አሜሪካ ውስጥ ሲዲኤል፣ ማለትም የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ለማውጣት የሚያስብ ወገናችን ዘመድ ወዳጁን ሲያማክር በብዛት የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ለትምህርት ቤት ገንዘብ ምን አስከፈለህ? ትልልቆቹ ኩባንያዎች ራሳቸው አስተምረው ይቀጥሩሃል።» ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። የጎደለው ግማሽ ግን ብዙ ሰው እያስከፈለ ስለሆነ በጋዜጣችሁ በኩል ዘርዘር አድርገን ልንጽፍ ወደድን።

ዋናውን ነገር አስቀድመን እንናገር። የጭነት ኩባንያ የሚሰጠው ሥልጠና ነጻ ሳይሆን ብድር ነው። የሚመለሰውም በጉልበት ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት በመሥራት፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ የተወሰነ ማይል በመንዳት። ጉልበቱ በማይል ስንት እንደሚያወጣ የሚተምነው ያው አበዳሪው ኩባንያ ነው። ይህን ስንል አትግቡበት ማለታችን አይደለም። እጁ ላይ ገንዘብ ለሌለው፣ ቤተሰቡን ለጥቂት ወራት ትቶ መውጣት ለሚችል ሰው ሁነኛ በር ነው። ሲገባ ግን ብድር እንደሚፈርም ሰው አስቦበት ይግባ።

ከኮንትራቱ በፊት ፈቃዱን ራሱን ማውጣት ይቻል እንደሆነ ማረጋገጥ ይቀድማል። ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ተሻግሮ ለመንዳት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ከ18 እስከ 20 ያለው በራሱ ክፍለ ግዛት ውስጥ ብቻ ይነዳል። የኢሚግሬሽኑ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ዜጋና የግሪን ካርድ ባለቤት መደበኛውን ሲዲኤል ያወጣሉ። የጥገኝነት ጉዳዩ በመታየት ላይ ያለ፣ ጥገኝነት ተሰጥቶት ግሪን ካርድ ያልደረሰው፣ ወይም በሥራ ፈቃድ ብቻ ያለ ሰው ግን «ነን-ዶሚሳይልድ» በሚባለው መስመር ነው የሚታየው። የፌደራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በዚህ መስመር ላይ ከባድ ገደብ አውጥቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ስለዚህ በዚህ መስመር ያለ ሰው የሚኖርበት ክፍለ ግዛት ዲኤምቪ፣ ማለትም መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት፣ ድረስ ሄዶ በዚያ ሳምንት ያለውን አሠራር ሳይጠይቅ ምንም ነገር ላይ እንዳይፈርም። ሪክሩተሩ፣ ማለትም የኩባንያው ሠራተኛ መልማይ፣ በስልክ «ችግር የለውም» ቢል ፈቃዱን የሚሰጠው እሱ አይደለም፤ ፈቃዱ ቢቀር ዕዳው የሚቀረው በፈራሚው ስም ነው።

እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። ሾፌር ከሰው ጋር ለመነጋገር፣ የመንገድ ምልክት ለማንበብ፣ ተቆጣጣሪ ሲጠይቀው ለመመለስና ሪፖርት ለመሙላት የሚበቃ እንግሊዝኛ ይኑረው የሚለው የፌደራል ደንብ የቆየ ነው። አዲሱ ነገር ከሰኔ 25 ቀን 2025 ጀምሮ ይህን ያላሟላ ሾፌር መንገድ ላይ ከሥራ ውጭ ተደርጎ ሊቆም መቻሉ ነው። የመንዳት ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ አስተርጓሚ አይፈቀድም። ለምዝገባ ከመሄድ በፊት ተቆጣጣሪ የሚጠይቃቸውን ጥቂት ነገሮች ጮክ ብሎ መለማመድ ይጠቅማል፤ ከየት ተነሳህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ምን ጭነሃል፣ ዛሬ ስንት ሰዓት ነዳህ፣ የመጨረሻው እረፍትህ መቼ ነበር። መልሱ ረጅም መሆን የለበትም፤ ጥያቄው ግን በትክክል መሰማት አለበት።

የእኛን ሰው ለይቶ የሚያሰናክል አንድ ነገር አለ፤ ስም። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ገብቶ፣ ሶሻል ሴኩሪቲው ላይ የአባት ስም ሆኖ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ደግሞ ሦስቱም ተያይዘው የተጻፉበት ሰው ብዙ ነው። ትምህርት ቤቱ ሥልጠናውን የጨረሰን ሰው ስምና የፈቃድ ቁጥር በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ወደ ፌደራሉ መዝገብ መላክ አለበት፤ ዲኤምቪ ደግሞ ያንን መዝገብ ሳያይ ፈተና ላይ አያስቀምጥም። አንድ ፊደል ከተዛነፈ ቀጠሮ ይሰረዛል፣ ሆቴል ውስጥ ያለ ገቢ አንድ ሳምንት ያልፋል። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየትና ማስተካከል ያለበት እዚሁ ቤት ሳለ ነው።

የዲኦቲ (የፌደራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) የጤና ምርመራን ደግሞ ኩባንያው ጋ ከመድረስ በፊት በራስ ወጪ ማድረግ ይሻላል። ወጪው ሩቅ ሄዶ ከመመለስ ያንሳል። የደም ግፊት ከ140 በ90 በታች ከሆነና ሌላ ችግር ከሌለ የጤና ካርዱ እስከ ሁለት ዓመት ይሰጣል። ከዚያ በላይ እስከ 159 በ99 ከሆነ ለአንድ ዓመት ነው። ከ160 በ100 እስከ 179 በ109 ያለው ግፊቱን እንዲያስተካክል የሦስት ወር ጊዜ ይሰጠዋል፤ 180 በ110 የደረሰው ግን ግፊቱ እስኪወርድ አያልፍም። ሌሊቱን አውቶቡስ ላይ ያደረ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ጠዋት ሁለት ስኒ ቡና የጠጣ ሰው ግፊቱ ከወትሮው ከፍ ይላል፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ቀን የሚመለሱት በዚህ ነው። መነጽር የሚያስፈልገው ሰው መነጽሩን ይዞ ይሂድ፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሐኪሙ የሞላውን ቅጽ ሳይዝ እንዳይሄድ።

ስለ አደንዛዥ ነገር ደግሞ በግልጽ መነገር ያለበት አለ። ማሪዋና በክፍለ ግዛቱ ሕግ ቢፈቀድም ለሲዲኤል ሾፌር ክልክል ነው። ብዙ ኩባንያዎች ከሽንት በተጨማሪ ፀጉር ይመረምራሉ፤ ፀጉር ደግሞ የወራት ታሪክ ይናገራል። ጫትም «ቅጠል ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በውስጡ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ ምድብ የተቀመጠ ነው፤ ሥራ ላይ እያለ ይዞት የተገኘ ሾፌር የፌደራሉን ደንብ ጥሷል። ምርመራ የወደቀ ወይም አልመረመርም ያለ ሾፌር ስሙ ክሊሪንግሃውስ በሚባለው መዝገብ ይገባል። ከኅዳር 18 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ ክፍለ ግዛቶች የእንዲህ ዓይነቱን ሾፌር ሲዲኤል ራሱን ወደ ተራ መንጃ ፈቃድ ዝቅ እንዲያደርጉ ይገደዳሉ።

ወደ ሥልጠናው እንምጣ። ከየካቲት 7 ቀን 2022 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ክላስ ኤ፣ ማለትም ተሳቢ ለሚጎትት ከባድ መኪና የሚሰጠውን ሲዲኤል፣ የሚያወጣ ሁሉ በፌደራሉ የአሠልጣኞች መዝገብ ከተመዘገበ ተቋም መማር አለበት። የግል ትምህርት ቤትም ሆነ የኩባንያ አካዳሚ የሚያስተምረው የአርእስት ዝርዝር አንድ ነው፤ የንድፈ ሐሳቡ ማለፊያም 80 በመቶ ነው። ሰው የማያውቀው ግን ሕጉ ዝቅተኛ የሰዓት ብዛት አለማስቀመጡ ነው። አሠልጣኙ «በቅቷል» ካለ በቅቷል። ስለዚህ በሁለት ትምህርት ቤቶች መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት የምስክር ወረቀቱ ሳይሆን መሪ ላይ የተቀመጡበት ሰዓት ነው።

ይህንን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ሦስት ሳምንት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት 120 ሰዓት ይሆናል። ለአንድ መኪና አራት ሠልጣኝ ከተመደበ የእያንዳንዱ ድርሻ 30 ሰዓት ነው። ከዚያ ላይ የክፍል ትምህርቱ፣ የነዳጁ፣ የምሳውና የመጠበቂያው ጊዜ ይቀነሳል። «ሥልጠናው ስንት ሳምንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ መጠየቅ ያለበት «ለአንድ መኪና ስንት ሰው ነው? ወደ ኋላ ማስገባት ብቻውን ስንት ሰዓት አገኛለሁ?» ነው። ሌላው የማርሹ ጉዳይ ነው። በአውቶማቲክ መኪና የተፈተነ ሰው ፈቃዱ ላይ «ኢ» የሚል ገደብ ይጻፍበታል፤ በእጅ ማርሽ መንዳት አይችልም። የኩባንያ መኪኖች በአብዛኛው አውቶማቲክ ስለሆኑ ለመጀመሪያው ሥራ ችግር አይሆንም። ነገ ገልባጭ ወይም አሮጌ መኪና ለመንዳት ያሰበ ሰው ግን ቀድሞ ይወቀው።

አሁን ኮንትራቱ። እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና።

መጀመሪያ የሚታየው ዕዳው የሚጀምርበት ቀን ነው። አንዳንዱ ኮንትራት ዕዳው ፈተና አልፎ ሥራ ሲጀመር ነው ይላል። ሌላው ግን ክፍል ከገቡበት ከመጀመሪያው ቀን ሙሉውን ያስቆጥራል፤ በአራተኛው ቀን በሕመም የተመለሰ ሰው ያልተማረውን ሁሉ ዕዳ ይዞ ይመለሳል ማለት ነው። ሁለተኛው ዕዳው የሚቀንስበት መንገድ ነው። ለምሳሌ ዕዳው 6,000 ዶላር፣ ዘመኑ 12 ወር ነው እንበል። በየወሩ እኩል የሚቀንስ ከሆነ ስምንት ወር ሠርቶ የለቀቀ ሰው የሚቀርበት ዕዳ 2,000 ዶላር ነው። «ዓመቱ ሲሞላ በሙሉ ይሰረዛል» የሚል ከሆነ ግን ያው ሰው በስምንተኛው ወርም፣ በአሥራ አንደኛው ወርም 6,000 ዶላር ባለዕዳ ነው። ሁለቱን የሚለየው ውል ውስጥ ያለች አንዲት ሐረግ ናት።

ሦስተኛው ወሩ እንዴት እንደሚቆጠር ነው። ያልነዱበት ወር አይቆጠርም የሚል ካለ፣ እናቱን ለመቅበር አገር ቤት ሄዶ አምስት ሳምንት የቆየ ሰው ዓመቱ ወደ አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ወር ይሄድበታል። በማይል የሚቆጠር ውል ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፤ ማይሉን የሚሰጠው ጭነት የሚመድበው የኩባንያው ሰው፣ ዲስፓቸሩ፣ ነው፤ ጭነት ሲቀዛቀዝ ዕዳውም አብሮ ይቆማል። አራተኛው ኩባንያው ራሱ ካሰናበተ ምን እንደሚሆን ነው። አንድ ሰው መኪና ማቆሚያ ውስጥ መስታወት ቀጥቅጦ ቢባረር፣ ጤናው ታውኮ ካርዱ ቢወሰድ፣ ወይም ኩባንያው ቅርንጫፉን ቢዘጋ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል? ውሉ ዝም ካለ የሚተረጎመው ለአርቃቂው እንዳይሆን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። አምስተኛው ወለዱና አሰባሰቡ ነው፤ ከመጨረሻው ደመወዝ ይቆረጣል ወይ፣ ለዕዳ ሰብሳቢ ይሸጣል ወይ፣ ክሬዲት ላይ ይወጣል ወይ።

ውሉ ብዙ ጊዜ ክርክር ቢነሳ ወደ ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ ግልግል ዳኛ ትሄዳላችሁ ይላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ኒው ፕራይም የተባለው የጭነት ኩባንያ በተከሰሰበት ጉዳይ፣ የፌደራሉ የግልግል ሕግ ክፍለ ግዛት አቋራጭ ሾፌሮችን፣ በኮንትራክተርነት የሚሠሩትንም ጭምር፣ እንደማያስገድድ ወስኗል። ይህ ማለት ግን አንቀጹ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ የክፍለ ግዛት ሕግ ሊያስፈጽመው ይችላል። ካሊፎርኒያ በበኩሏ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በሚፈረሙ ውሎች ላይ፣ ሥራ የለቀቀን ሰው የሥልጠና ዕዳ የሚያስከፍሉ አንቀጾችን በአብዛኛው የሚከለክል ሕግ አውጥታለች፤ የማይነካቸው ዓይነቶችም አሉ። ስለዚህ የየትኛው ክፍለ ግዛት ሕግ እንደሚገዛው ውሉ ላይ መፈለግ ተገቢ ነው።

የገንዘቡን ልክ በትክክል ለማየት ኩባንያውን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፤ «የራሴን ሲዲኤል ይዤ ብመጣ በማይል ስንት ትከፍሉኛላችሁ?» ለምሳሌ ያህል፣ እነሱ ላሠለጠኑት 40 ሳንቲም፣ ፈቃዱን ይዞ ለመጣው 52 ሳንቲም ቢሉ፣ በሳምንት 2,200 ማይል ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ 264 ዶላር ነው። በ50 ሳምንት 13,200 ዶላር ይሆናል። የግል ትምህርት ቤት ዋጋ በአብዛኛው ከ3,000 እስከ 10,000 ዶላር ባለው ውስጥ ስለሚወድቅ፣ እንዲህ ባለው ልዩነት ነጻ የተባለው ከተከፈለበት በልጦ ተወደደ ማለት ነው። በሌላ በኩል ለሁለቱም የሚከፍሉት እኩል ከሆነ የኩባንያው ሥልጠና ጥሩ ስምምነት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ሳያነጻጽሩ መወሰን ግን በጨለማ መሸመት ነው።

በመካከል ያለውንም መንገድ እንጥቀስ። ብዙ ኩባንያዎች በራሱ ገንዘብ ተምሮ ለመጣ ሰው የትምህርቱን ክፍያ በየወሩ እየቆራረጡ ይመልሳሉ። ጥሩ ነው፤ ፍጥነቱን ግን አስሉት። 5,000 ዶላር በወር በ150 ዶላር ሲመለስ ከ33 ወር በላይ ይፈጃል፤ ከዚያ በፊት የለቀቀ ቀሪው ይቀርበታል። ልዩነቱ ከሄደ ቀሪውን ከማጣት በቀር የሚከታተለው ዕዳ አለመኖሩ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ሥራ ያጣ ወይም ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው በአካባቢው ወዳለው የአሜሪካን ጆብ ሴንተር ይሂድና ደብሊውአይኦኤ ስለሚባለው የመንግሥት የሥልጠና ድጋፍ ይጠይቅ። ብቁ ለሆነ ሰው ክፍያውን በሙሉ ወይም በከፊል ይሸፍናል፤ መመለስም የለበትም። ሂደቱ ሳምንታት ይወስዳል፣ ወረቀት ይበዛዋል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ከሚያስር ፊርማ ጋር ሲመዘን ግን ትዕግሥቱ ያዋጣል።

ፐርሚቱን፣ ማለትም የተማሪነት የመንጃ ፈቃዱን፣ ያወጣ ሰው የመንዳት ፈተና ለመቀመጥ ቢያንስ 14 ቀን መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ፐርሚቱን ቤት ሳለ አውጥቶ መሄድ ሁለት ሳምንት የሆቴል ኑሮ ያስቀራል። ሦስቱን የጽሑፍ ፈተናዎች፣ ማለትም ጠቅላላ ዕውቀት፣ የአየር ፍሬንና ተሳቢ የሚያጣምር መኪናን፣ በአንድ ቀን ለመጨረስ የክፍለ ግዛቱን መመሪያ መጽሐፍ ማንበብ ይበቃል። የአየር ፍሬኑን ፈተና ሳያልፍ የቀረ ሰው ፈቃዱ ላይ ሌላ ገደብ ይጻፍበታል፤ በዚያ ገደብ የጭነት ኩባንያ አይቀጥርም።

የመንዳት ፈተናው ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። የአየር ፍሬኑን ምርመራ እንውሰድ። ጎማው ይታገዳል፤ አየሩ ሞልቶ መሙላቱን እስኪያቆም፣ ከ120 እስከ 140 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ድረስ፣ ይጠበቃል። ሞተሩ ይጠፋል፤ ሞተሩ ሳይነሳ የመኪናው ቁልፍ ይከፈታል፤ የማቆሚያ ፍሬኑ ቢጫውም ቀዩም ቁልፍ ይገፋል። ከዚያ የእግር ፍሬኑ በኃይል ተረግጦ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይያዛል። ተሳቢ ላለው መኪና በዚያ ደቂቃ ውስጥ ከ4 ፒኤስአይ በላይ መጥፋት የለበትም። ቀጥሎ ፍሬኑ ደጋግሞ ሲረገጥ የማስጠንቀቂያው መብራትና ድምፅ 60 ፒኤስአይ አካባቢ ላይ መምጣት አለበት፤ መርገጡ ሲቀጥል ሁለቱ የፍሬን ቁልፎች ከ45 እስከ 20 ባለው ውስጥ ተተኩሰው ይወጣሉ። ሰው የሚሳሳተው የት ነው? ሞተሩን ሳያጠፋ ይጀምራል፤ ሞተሩ አየር እየሞላ ስለሆነ የሚጠፋው አይታይም። ወይም እግሩን በደቂቃው መሀል ላላ ያደርግና መርፌው ይወዛወዝበታል። ወይም ሁሉን በትክክል ሠርቶ ቁጥሩን አይናገርም። ፈታኙ የሚመዘግበው የሰማውን ነው፤ በብዙ ቦታ ደግሞ ይህ ክፍል ከተበላሸ ፈተናው እዚያው ያበቃል። በየቀኑ ማታ ሆቴል ውስጥ ዓይን ጨፍኖ፣ ጮክ ብሎ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከነቁጥሩ መድገም ነው መድኃኒቱ።

ተሳቢ ማጣመር ላይም አንድ ነገር እንጨምር። ሥራ ከጀመሩ በኋላ የሚያስባርር ስሕተት እዚያ ስለሚገኝ ነው። ወደ ኋላ ሲገቡ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መሰማቱ ተያይዟል ማለት አይደለም። ተሳቢው ከፍ ብሎ ቆሞ ከነበረ የተሳቢው ማያያዣ ፒን መኪናው ላይ ባለው መቆለፊያ መንጋጋ አናት ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ድምፁም ይሰማል፣ በቀስታ ሲጎተትም ይከተላል፤ መታጠፊያ ላይ ግን ይለቅና ተሳቢው ይወድቃል። ስለዚህ ከመሳብ ሙከራው በኋላ ባትሪ ይዞ ወርዶ፣ አንገት አስገብቶ፣ መንጋጋው የፒኑን ቀጭን አንገት ከኋላ ዘግቶ መያዙን፣ በተሳቢው ወለልና በመኪናው ማጣመሪያ ሳህን መካከል ብርሃን አለመግባቱን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። የተሳቢው እግር የሚነሳው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

ፈተናው ካለፈ በኋላ ከአሠልጣኝ ጋር መንገድ መውጣት አለ፤ በብዙ ኩባንያ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይሆናል። ሪክሩተር ስለዚህ ምዕራፍ ሲናገር ብዙም አይሰማም፤ ከባዱ ግን ይህ ነው። ከማያውቁት ሰው ጋር ሁለት አልጋ ባላት ጠባብ የመኪና ጋቢና ውስጥ መኖር ነው። ፐርሚት ብቻ ያለው ሰው ሲነዳ ሲዲኤል ያለው አሠልጣኝ ከጎኑ የፊት ወንበር ላይ መቀመጥ አለበት። ሠልጣኙ ሲዲኤሉን ከያዘ በኋላ ግን ኩባንያው እንደ ሁለት ሾፌር ቆጥሮ ቀን ከሌት ሊያስነዳቸው ይችላል፤ ሠልጣኙ ሌሊት ተራራ ሲወርድ አስተማሪው ከኋላ ተኝቷል። ይህ ማይል ያስገኛል እንጂ ትምህርት አይሰጥም። ስለዚህ «አሠልጣኙ ከጎኔ ነቅቶ የሚቀመጠው ለስንት ሰዓት ወይም ለስንት ማይል ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አሠልጣኙ ራሱ ስንት ዓመት ነድቷል የሚለውም እንዲሁ፤ ባለ ስምንት ወር ሾፌር አሠልጣኝ የሚሆንበት ቦታ አለ። የሚከፈለው በቀን ነው ወይስ በሳምንት፣ መኪናው ጋራዥ ገብቶ ሲቆምስ ይከፈላል ወይ? እህቶቻችን ደግሞ ሴት አሠልጣኝ ይገኝ እንደሆነ፣ ከወንድ ጋር ከሆነ ማታ ሆቴል ይሰጥ እንደሆነ፣ አሠልጣኝ መቀየር ቢያስፈልግ ሌሊትም የሚነሳ ስልክ የትኛው እንደሆነ ከመሳፈራቸው በፊት በጽሑፍ ይያዙ። ይህንን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ብቻውን መንዳት ሲጀምር ሕጉ በቀን 11 ሰዓት መንዳት ይፈቅዳል፤ ይኸውም ሥራ ከጀመረበት 14 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። ስምንት ሰዓት ከነዳ 30 ደቂቃ ያርፋል፣ ከዚያ ደግሞ 10 ሰዓት። ቤት የሚገቡበት ልማድ በብዙ ቦታ ለአንድ ሳምንት መንገድ አንድ ቀን ነው። ለፋሲካ ወይም ለዒድ ቤት መግባት የሚፈልግ ቀኑን ከሳምንታት በፊት ያስመዝግብ። ደመወዙ «ፐር ዲየም» በሚባለው መንገድ፣ ማለትም ከፊሉ እንደ መንገድ አበል ሆኖ፣ ከተከፈለ የሳምንቱ እጅ ገቢ ከፍ ይላል፤ ታክስ የሚከፈልበት ደመወዝ ግን ወረቀት ላይ ያንሳል፤ ቤት ለመግዛት ብድር የሚጠይቅ ሰው ይህንን አስቀድሞ ያስላ።

ዓመቱን መጨረስ የሚጠቅመው ዕዳውን ለማጥፋት ብቻ አይደለም። የተሻለ የሚከፍሉ ኩባንያዎች ኢንሹራንሳቸው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ልምድ ስለሚጠይቅ፣ በሦስተኛው ወር የለቀቀ ሰው ዕዳም አለበት፣ የሚቀጥረውም ያጣል። ለመልቀቅ ከተገደደም መኪናውን መንገድ ላይ ጥሎ እንዳይሄድ። «መኪና ትቶ ሄደ» የሚል ቃል ዳክ በሚባለው የሥራ ታሪክ ሪፖርት ላይ ከገባ ለዓመታት ይከተለዋል። በጽሑፍ ማስታወቂያ ሰጥቶ፣ መኪናውን ወደ ኩባንያው ግቢ መልሶ፣ ውስጡንና ውጭውን ፎቶ አንስቶ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ ይውጣ። የሪፖርቱን ቅጂ መጠየቅና ሐሰት የሆነውን መቃወም መብት ነው።

ሌላው ወጥመድ ፈቃዱ ከተገኘ ብዙም ሳይቆይ ይመጣል፤ «የራስህን መኪና ሊዝ አድርግ (በኪራይ ክፍያ ግዛ)፣ አለቃ ሁን።» ጭነቱን የሚሰጠው፣ የመኪናውን ክፍያ የሚቆርጠው፣ ነዳጁንና ጥገናውን የሚያስከፍለው አንድ ኩባንያ ሲሆን፣ ጭነት በቀነሰ ሳምንት ሾፌሩ ሠርቶ ባለዕዳ ሆኖ ይወጣል። የፌደራሉ የትራክ ሊዝ ግብረ ኃይል በ2025 መጀመሪያ ባቀረበው ሪፖርት እንዲህ ያሉ የሊዝ ግዢ ፕሮግራሞች እንዲታገዱ መክሯል። ገና አንድ ክረምት በበረዶ ያልነዳ ሰው ወደዚህ ባይገባ እንመርጣለን።

እንግዲህ በእኛ ግምት የኩባንያ ሥልጠና የሚስማማው ቁጠባ ለሌለው፣ የደብሊውአይኦኤ ድጋፍ ላልደረሰው፣ ትንንሽ ልጆች ብቻውን ለማያሳድግ፣ አንድ ዓመት ረጅም መንገድ መውጣት ለሚችልና ውሉ በየወሩ ለሚቀንስለት ሰው ነው። በየማታው ቤቱ መግባት ያለበት ሰው ግን ገንዘቡን አጠራቅሞ በአካባቢው ባለ ኮሌጅ ቢማርና የከተማ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል፤ የጠቀስናቸው ኩባንያዎች ሥራ በአብዛኛው የረጅም መንገድ ነውና።

ሪክሩተሩ ሲደውል ሙሉውን ውል በኢሜይል እንዲልክ ይጠየቅ። ሁለት ቀን ወስዶ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ወይም ወዳጅ ጎን ተቀምጦ፣ ከላይ ያነሳናቸውን አምስት ጥያቄዎች በእርሳስ እያሰመሩ ማንበብ ነው። «ውሉን እዚህ ስትደርስ ታየዋለህ» ካለ ደግሞ የአውቶቡሱ ትኬት ቢላክም አለመሳፈር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በጭነት ማጓጓዝ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ